ላዳ፣ ዲኤክስ፣ ቪትዝ ወይስ ቮልስ? ባሕር ዳር ላይ በትንሽ ብር የውድድር መኪና ለመሥራት

ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዱ በያጅ ነው። አንዱ ባንክ ይሠራል። እኔ ደግሞ መኪና ከመውደድ በቀር ይህ ነው የሚባል የጋራዥ ሙያ የለኝም። አንድ ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ አሮጌ መኪና ገዝተን፣ ውስጧን አራግፈን፣ በታጠረ ሜዳ ላይ በሰዓት እየለካን እንንዳት ተባባልን። ቡናው በረካ ሳይደርስ ተጣላን። በያጁ «ላዳ» አለ። ባንከኛው «ቪትዝ» አለ። እኔ «ዲኤክስ» አልኩ። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው «ልጆቼ፣ ቮልስ ግዙ፤ ቮልስ አይሞትም» አሉን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጋራዥ ዞርን። ብዙ ኮፈን ከፈትን። ተሸወድንም። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ላለው ሰው ያየሁትን ልንገረው ብዬ ነው።

«ውድድር» ስል አስፋልት ላይ መሽቀዳደም ማለቴ አይደለም። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ማታ ባዶውን ሲያየው እግሩን የሚበላው ሰው አይጠፋም። እሱ ሌላ ምክር ይፈልግ። እኔ የማወራው ባለቤቱ ስለፈቀደው የታጠረ ቦታ፣ መሬት ላይ ስለተደረደሩ አሮጌ ጎማዎችና አንድ መኪና ብቻ በተራ ስለሚገባበት ጨዋታ ነው። ጎማዎቹን ሳይነካ ዞሮ ቶሎ የተመለሰ ያሸንፋል። ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛ ማርሽ አታልፉም። ፍጥነቱም በሰዓት 50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ነው። ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግን 120 ይመስላል።

ብሩን መጀመሪያ ለሁለት ክፈሉት

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሚካሄድ ሌሞንስ የሚባል ውድድር አለ። ስሙ በታዋቂው የፈረንሳይ የለማን 24 ሰዓት ላይ መቀለጃ ነው። «ሌመን» የሚሉት ሲገዟት ደህና መስላ ቤት ስትገባ ጉዷ የሚወጣ መኪናን ነው። ደንቡ መኪናዋ ከ500 ዶላር በላይ እንዳትፈጅ ይላል። ግን ፍሬን፣ ጎማ፣ መቀመጫ፣ ቀበቶና ሮል ኬጅ የሚባለው የብረት አጽም ከ500 ዶላሩ ውስጥ አይቆጠሩም። ገንዘብ አጠረኝ ብሎ በፍሬን የሚቆጥብ እንዳይኖር ነው።

እኛም ይህን ወሰድን። ካዋጣነው ብር ከግማሽ በላይ ለመኪናዋ እንዳንከፍል ተማማልን። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ይህን ስታነቡት ተቀይሮ ይጠብቃችኋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ አሮጌ መኪና «አሮጌ» መባሉን ትቷል። ትናንት ዶሮ የሚያድርባት መኪና ዛሬ ደላላ ይመላለስባታል። ስለዚህ ርካሽ ስንል ከሌሎቹ ርካሽ ማለታችን ነው።

አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ሆኜ እናገራለሁ። የመግዣው ዋጋ አንድ ጊዜ ያማል። የመለዋወጫው ነገር በየሳምንቱ ያማል። እንዲህ ዓይነት መኪና ሁልጊዜ የሆነ ነገሯ ይሰበራል፤ ሥራዋ ነው። የተሰበረውን ሐሙስ ከሰዓት ባሕር ዳር ውስጥ ማግኘት ካልቻላችሁ ቅዳሜ ተመልካች ናችሁ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ ዓይን አንብቡት።

የእኛ አየር የሚበላው ጉልበት

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ይላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ወረቀቱ ላይ 75 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር ጣና ዳር ሲደርስ 60 አካባቢ ነው። ለሁሉም እኩል ስለሆነ አትከፉ፤ ከአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ እንሻላለን።

ልዩነቱ ካርቡራቶር ላይ ይመጣል። ካርቡራቶር አየሩ እንደሳሳ አያውቅም። ለቆላ የተለካውን ነዳጅ ዝም ብሎ ይሰጣል። መኪናዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ነዳጅም ትጠጣለች። ጄት የሚባለውን የነዳጅ ቀዳዳ በአነስተኛ መቀየር ብዙውን ይፈታዋል። ላዳ፣ ቮልስና አሮጌው ዲኤክስ እዚህ ውስጥ ናቸው። ቪትዝ በኮምፒውተር ስለምትመጥን ራሷ ታስተካክለዋለች።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ይዞ ስለሚያቆየው ነው። ክዳኗ የላላ፣ በጨርቅ የታሰረች መኪና በሁለተኛ ማርሽ አሥር ደቂቃ ስትጮህ ምን እንደምትሆን ገምቱት። ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው፤ በሙቀት የሚበላሸው ቴስታታ፣ የሞተሩ ራስ፣ ግን አይደለም። እግረ መንገዴን፣ «ሙቀት እንዳያስቸግርህ» ብሎ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት የሚያወጣ መካኒክ ካገኛችሁ አመስግናችሁ «ወደ ቦታው መልሰው» በሉት። ሞተሩ ቶሎ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ዘይቱም ሲሊንደሩም ይጎዳል።

ላዳ

ላዳ የጣሊያኑ የፊያት 124 ልጅ ናት። ሩሲያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት ስትጀምር ለመጥፎ መንገድ ተብላ ቆርቆሮዋ ወፈረ፣ ከፍ ከፍም ተደረገች። እኛ ደግሞ የምናውቃት በአዲስ አበባው ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ነው። አንዳንዷ ስንት ጊዜ ሞተሯ እንደወረደ ባለቤቷም አያስታውስም።

ለዚህ ጨዋታ ጥሩነቷ ብዙ ነው። የሚነዳት የኋላ ጎማዋ ነው። ስለዚህ ነዳጅ በመስጠትና በመንሣት ጅራቷን ማዞር ይቻላል፤ የውድድር ደስታው ግማሹ እሱ ነው። ከፊት የዲስክ ፍሬን አላት። ሞተሯ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይታያል፤ በሁለት ቺያቤና በአንድ ካቻቪቴ ብዙ መንገድ ይኬዳል። 2107 የሚባለው ሞዴሏ 1.5 ሊትር ሞተር 70 ምናምን የፈረስ ጉልበት ነው። ክብደቷ ግን ከ1,000 ኪሎ በላይ ነው። የኋላ ወንበር፣ ምንጣፍ፣ ተቀያሪ ጎማና የበር ሽፋን ስታወጡላት ትተነፍሳለች።

መጥፎነቷም አለ። መሪዋ ከባድ ነው፤ ቆማ ስታዞሯት ትከሻ ይጠይቃል። የነዳጅ ጋኗ ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ሻንጣ ውስጥ በቀኝ በኩል ነው ያለው። ከኋላ ለሚመጣ ግጭት አያስተማምንም፤ ስለዚህ በሻንጣውና በወንበሩ መሀል ያለውን ቀዳዳ ሁሉ በላሜራ መዝጋት ግድ ነው። ትልቁ ችግር ግን ዕቃዋ ነው። ባሕር ዳር የቪትዝና የባጃጅ ከተማ ናት። የላዳ ዕቃ የምታገኙት መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ የሚለምንላችሁ ሰው ካለ ነው።

የአንድ ወዳጃችን ላዳ የዲስትሪቢዩተር ክዳኗ ተሰነጠቀ። ዕቃው መዳፍ የማይሞላ ነው። አዲስ አበባ ያለ የአክስቱ ልጅ ፈልጎ፣ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጥቶ፣ መንገዱም ክፍት ሆኖ እስኪደርስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። የደረሰውም የሌላ ሞዴል ነበር።

ላዳ ግዙ የምለው እንግዲህ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። ከመካከላችሁ በያጅ ወይም ቶርኖ ቤት ያለው ሰው ካለ፣ ወይም ሁለት ላዳ መግዛት ከቻላችሁ። አንዷ ትነዳለች፣ አንዷ ለመለዋወጫ ትፈታለች። እኛ ስንፈልግ ሁለቱ ተደምረው ከአንድ ቪትዝ ይረክሱ ነበር።

ዲኤክስ

አድልዎ አለብኝ፤ ቀድሜ ልናገር። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ባለ ማዕዘኑ ኮሮላ፣ እኛ ዲኤክስ የምንለው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል። ቀላል ናት። የኋላ ጎማዋ ይነዳታል። ከኋላ ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ ነው ያላት። ከእሷ በኋላ የመጣችውና ጎማ በማንሸራተት ዓለም ያወቃት ኤኢ86 የምትባለው ኮሮላ በአወቃቀሯ የዚችው ቤተሰብ ናት። ፎርኬ የሚባለው 1.3 ሊትር ሞተሯ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ግን አሥር ጊዜ ተወርዶ አሥር ጊዜ ይነሣል።

ታዲያ ለምን አልገዛንም? ዲኤክስ ያለው ሰው አይሸጥማ። ከሸጠም ልጁን እንደሚድር ሰው ሽማግሌ ያስልካል። ዋጋውም «መታሰቢያ ናት» ከሚል ንግግር ጋር ይመጣል። ርካሽ የሆነችው ደግሞ በዝገት የተበላች ናት።

አንዷን አየን፤ ቀይ፣ የምታብረቀርቅ። ባለቤቱ ስለ ቀለሙ ብዙ አወሩን። በያጁ ከኪሱ ማግኔት አወጣ። በሩ ላይ ያዘ፣ ፓራፋንጎው ላይ ያዘ። ከበሩ በታች ባለው ደፍ ላይ ሲያስጠጋው ዱብ ብሎ ወደቀ። አንድ ክንድ ያህል ቦታ ሙሉ ስቱኮ ነበር። ምንጣፉን ገልጠን በካቻቪቴ ስንነካው መሬቱን አየነው። ይህ የመልክ ጉዳይ አይደለም። ደፍና ወለል የመኪናዋ አጥንት ናቸው፤ ሮል ኬጅም ቀበቶም የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ባለቤቱ ግን አልተደናገጡም፤ «ዝገት የሌለበት ሰው ማን አለ?» አሉን።

ወለሏ ደህና የሆነች፣ ሞተሯ የሞተ ዲኤክስ ካገኛችሁ አታመንቱ። ሞተር ይገኛል፤ ወለል አይገኝም። ቀለሟ ደህና፣ ወለሏ የተበላ ከሆነች ግን ሻዩን ጠጥታችሁ ተነሡ።

ቪትዝ

ሲነሣ የሳቅሁበትን አሁን እኔው ልከራከርለት ነው። ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተሠራችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ 900 ኪሎ እንኳ በቅጡ አትሞላም። የ1 ሊትሯ 70፣ የ1.3ቷ ከ85 በላይ የፈረስ ጉልበት አላት። አካፍሉት፤ ለአንድ የፈረስ ጉልበት ላዳ 14 ኪሎ ስትሸከም የ1.3ቷ ቪትዝ 10 ኪሎ ትሸከማለች። የሜዳ ላይ ሰዓት ደግሞ ፍቅር አያውቅም። የሚቆጥረው ይህንኑ ነው።

ዕቃዋ የትም አለ። የፍሬን ሸራ ሐሙስ ከሰዓት ቀርቶ እሑድም ሱቅ አስከፍታችሁ ታገኛላችሁ። የሞተሯን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው ሰንሰለት ነው፤ ቺንጋ ተበጠሰ የሚል ሥጋት የለም። የሚጠግናት ሰው በየሰፈሩ አለ።

የፊት ጎማዋ ነው የሚስባት። ጥግ ላይ ነዳጅ ስትጨምሩ አትዞርም፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። መድኃኒቱ ቀድሞ ፍሬን መያዝ፣ ከዚያም ማዞር ነው። ጠባብ መዞሪያ ሲመጣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጅራቷ ትዞራለች። የእጅ ፍሬን ገመዷን ግን መጀመሪያ አሳድሱ፤ ብዙዎቹ የሚይዙት በጸሎት ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው ማርሽ ነው። አውቶማቲክ ለዚህ ጨዋታ አሰልቺ ነው፤ ሲቪቲ የሚባለው የአውቶማቲክ ዓይነት ደግሞ በሙቀት ሊቃጠል ይችላል። ማኑዋል ፈልጉ። ያሪስ ተብላ ከአውሮፓ የመጣች ብትሆን ማኑዋል የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው።

ሁለተኛው መሪዋ ነው። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ የጃፓን መሪ ደግሞ በቀኝ ነው። ስለዚህ እውነተኛዋ ቪትዝ መሪዋ ወደ ግራ የዞረ ነው። አንዳንዱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ግን ሥሩ ገብታችሁ ስታዩት የመሪው ዘንግ ተቆርጦ የተበየደ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለገበያ መሄጃ ስንት ዓመት ሊያገለግል ይችላል። በሁለት እጅ ወዲያና ወዲህ ለሚያስጨንቃት ሰው ግን አይሆንም። ዘንጉ ላይ ብየዳ ካያችሁ ዋጋ አትከራከሩ፤ ተዉት።

ቮልስና ማሩቲ

ለእኚያ አባት ከአክብሮት ጋር፣ ቮልስ አልገዛንም። ታሪኳ ትልቅ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደጋግማ አሸንፋለች። ግን አሮጌዎቹ ላይ የኋላ ጎማ አሠራሩ አደገኛ ነው። ጥግ ላይ በፍጥነት ገብታችሁ ድንገት ነዳጅ ብትለቁ የኋላው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፍና መኪናዋ ከፍ ትላለች። መገልበጥ ቅርብ ነው። የነዳጅ ጋኗ ከፊታችሁ፣ ከጉልበታችሁ በላይ ነው። የ1300ዋ ጉልበት 44 ነው፤ እሱም እዚህ ወደ 35 ይወርዳል። በአየር ስለምትቀዘቅዝ የሳሳው አየር ሁለት ጊዜ ይጎዳታል። ቮልስ ካላችሁ እጠቧት፣ ሠርግ ላይ አውጧት።

ማሩቲ 800፦ 650 ኪሎ ገደማ፣ 796 ሲሲ፣ ከባጃጅ ትንሽ ከፍ ያለች። ለመማሪያ ትሆናለች፤ ታስቃለች። ረጅም ሰው ካላችሁ ግን ሄልሜቱ ጣሪያ ይነካል።

ሳትከፍሉ በፊት

መጀመሪያ ሊብሬ እዩ። የሻሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ርካሽ የሆነችበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ደግሞ ቁርጥ አድርጉ፦ ወንበሯን አውጥታችሁ፣ ማርሚታዋን ቀይራችሁ ዓመታዊ ምርመራ አታልፍም፣ ቦሎም አታገኝም። ወይ የቀን ሥራ መኪና ናት ወይ የሜዳ። የእኛ ወደ ሜዳ የምትሄደው አይሱዙ ላይ ተጭና ነው። ኢንሹራንስም እንዲህ ላለ ጨዋታ ይከፍላል ብላችሁ አትጠብቁ።

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ አስለኩ። በእኛ ከፍታ ቁጥሩ መጽሐፉ ከሚለው ዝቅ ማለቱ የግድ ነው፤ «ሞተሩ ሞቷል» ብላችሁ አትደንግጡ። የሚታየው የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ከራቀ ቫልቭ ወይም ፋሻ አለቀ ማለት ነው። ለዋጋ መከራከሪያም ጥሩ ነው።

የቀረው ግማሽ ብር

ጎማ። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ድንጋይ ነው፤ አይዝም።

የፍሬን ዘይት። ውሃ ከአየር ይስባል፣ እኛ ደግሞ ሐይቅ ዳር ነን። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 155 ይወርዳል። የፈላ ቀን ፔዳሉ ወለል ይነካል። መኪናዋን እንደገዛችሁ ሙሉውን አስቀይሩ። ከሁሉ ርካሹ ሥራ ይህ ነው፤ ሁሉም ግን መጀመሪያ ማርሚታ ይገዛል።

ባትሪውን በብረት እሰሩ። ሁለት ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ እጅ የሚደርስበት አድርጉ። ሄልሜት የሞተር ሳይክል ይሁን፤ ለዚህ ፍጥነት ይበቃል።

ሮል ኬጅ ላይ ከበያጁ ጋር አንድ ወር ተከራከርን። እሱ የውሃ ቧንቧ ብረት አለው፣ በነጻ። ዓለም አቀፉ ደንብ ለዋናው ቅስት የሚጠይቀው ስፌት የሌለው 45 ሚሊ ሜትር ቱቦ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት 2.5። የውሃ ቧንቧ ሲገለበጡ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀው ጫፍ ደግሞ ወደ ራስ ነው የሚመጣው። ትክክለኛውን ካላገኛችሁ ጭራሽ አትሥሩ፣ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ኬጅ ሳይኖር ባለ አራት ነጥብ ቀበቶም አታስገቡ። ጣሪያው ሲመጣ ጎንበስ እንዳትሉ ቀጥ አድርጎ ይይዛችኋል። የፋብሪካው ቀበቶ ይሻላል።

እኛ ምን ገዛን

ቪትዝ። የ1 ሊትሯን፣ ማኑዋሏን፣ የግራ በሯ የተጨራመተውን። ሻሲዋ አልተነካም፣ የመሪ ዘንጓ ንጹሕ ነው። በሩን በያጁ በላሜራ ደፈነው፤ አያምርም። የምንነዳት ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው። ከሰኔ በኋላ ሜዳው መረሬ ጭቃ ነው፤ እንኳን ቪትዝ በሬም አይዞርበትም።

ባንከኛው ከሁላችን ፈጣን ሆነ፤ ይህን መጻፍ ከብዶኛል። በያጁ አሁንም የላዳ ወሬ በሰማ ቁጥር ይደውላል። እኔ ደግሞ ባለፈው ሳምንት መሸንቲ መንገድ ላይ ሞተሯ የወጣ፣ ዶሮ የሚያድርባት ዲኤክስ አይቻለሁ። ማግኔቱን ከበያጁ ተውሻለሁ።